ከትራክተሩ ኋላ የቆመው ሰው

ውድ የልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እህትሽስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ ልበል እንጂ ወገቤን ይዞኝ ሁለት ቀን ተኝቼ ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት። እንዳትደነግጪ፣ ከትራክተሩ ኋላ ቆሜ ሳላርፍ ግማሽ ሰዓት ስለሠራሁ ነው። አዎ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ስትስቂ ይታየኛል። ሳቂ፣ ይገባሻል።

ብደውል እንደማታነሺ ልጃችን ነግራኛለች። «አባዬ፣ እማዬ ማረፍ ነው የምትፈልገው፤ ተዋት» አለችኝ። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ተውኩሽ። ደብዳቤ ግን አይጮህብሽም፤ ሲያሰኝሽ ታነቢዋለሽ፣ ካላሰኘሽም ምድጃ አለ።

ነገሩ የመጣው በቅርንጫፉ ነው። ከፖም ዛፎቹ የገረዝነው ሁሉ አንቺ እንደተውሽው አጥሩ ሥር ተከምሮ ቀረ። እንዳላቃጥለው ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አስተማሪ አለች፤ ገና ክብሪት ሳወጣ በመስኮት ብቅ ብላ መሳል ትጀምራለች። ስለዚህ ከትንሿ ትራክተራችን ኋላ የሚታሰር፣ ቅርንጫፍ እየከተፈ የሚተፋ ማሽን ልገዛ ተነሳሁ።

ሱቁ ስደርስ መጀመሪያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ለማሳያ የቆመ ትራክተር ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ዕቃ ስመርጥ ሁሌም ከመቀመጫው ላይ ሆኜ አይደል? ዞር ብዬ ሳይ ትልቁ ማሽን ዓይኔ ገባ፤ አፉ ግንድ ይውጣል። «ይሄን ስጠኝ» አልኩ።

የሱቁ ሜካኒክ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ቀጭን ሰውዬ ነው። ቀና ብሎ አየኝና «ትራክተርዎ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» አለኝ።

«ሃያ አምስት።»

«ታዲያ ይሄ አንቆ ነው የሚገድለው! ይውረዱ ጋሼ፣ ይውረዱ። ለመሆኑ ከኋላ ቆሞ የሚያጎርሰው ማነው?»

«ባለቤቴ።»

«ቁመቷስ?»

እስቲ ፍረጂኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ እጄን አየር ላይ አንስቼ ቀረሁ። ትከሻዬ ጋ ትደርሺያለሽ? አገጬ ጋ? እጄን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ሰውዬው ትዕግሥቱ አለቀና «ጋሼ፣ ሚስትዎን ነው ወይስ አጥር ነው የሚለኩት?» አለኝ። እሱ ቀልዱን ነው። እኔ ግን አፈርኩ።

ለካ ዋናው ነገር እሱ ኖሯል። ቅርንጫፍ የሚገባበት አፍ ካጠረ፣ የሚያጎርሰው ሰው እጅ ቢላው ጋ ይደርሳል። «ይዘዋት ይምጡና እንለካለን» አለኝ። የለችም ማለት አቃተኝ። «ሥራ በዝቶባታል» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ሲታሰብ ደግሞ እውነቴን ነው።

በማግስቱ ሰማያዊውን የሥራ ኮትሽን ከበሩ ኋላ አውርጄ ይዤው ሄድኩ። ሰዉ ፊት የሴት ኮት ታቅፌ መቆሜን ብታዪ! ሜካኒኩ አልሳቀም። ኮቱን ተቀብሎ እጅጌውን የመጀመሪያው ማሽን አፍ ውስጥ ዘረጋው። ርካሹ ማሽን ነው፤ አንቺ ባትሄጂ ኖሮ እሱን ነበር የምገዛው። እጅጌሽ አልፎ ቢላው ላይ ተኛ። «በቃ፣ አውጣው» አልኩት።

ከኪሱ ጓንትሽ ወደቀ። እኔ የገዛሁልሽ፣ አንጓው ላይ በላስቲክ ያሰርሽው። «ይሄን አድርጋ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለኝ ሜካኒኩ። «እንዲህ የሰፋ ጓንት እኮ ቅርንጫፍ ከያዘው እጇን ጎትቶ ነው የሚያስገባው።» ለራሴ ስገዛ በራሴ ልክ፣ ላንቺ ስገዛም በራሴ ልክ ስገዛ ነው የኖርኩት። ሰፋኝ ብለሽኝም ታውቂ ይሆናል። አልሰማሁ ይሆናል።

በመጨረሻ አንዱን መረጥን። ትንሽ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ከክንድ የወፈረ እንጨት አይቀበልም። ግን አፉ ረጅም ነው፤ እጅጌሽ ግማሹ ላይ ቀረ። ቅርንጫፉን ራሱ እየሳበ ይጎርሳል። ማቆሚያ ዘንጉም የኮትሽ ጫፍ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው፤ በጉልበትሽ ገፋ ብታደርጊው ቀጥ ይላል።

«እንሞክረው» አለና ሜካኒኩ ትራክተሩ ላይ ወጣ። እኔም ልወጣ ስል «እርስዎ ደግሞ ዛሬ ከኋላ ይሁኑ እስቲ» አለኝ።

ኧረ እንዴት ነው የቻልሽው! ድምፁ፣ አቧራው፣ ጎንበስ ቀና ማለቱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ቆይ፣ ቀስ በል!» ብዬ ጮህኩ። አይሰማም። ደግሜ ጮህኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሽቅብ ደመና ያያል። ሲቸግረኝ ከመሬት ጭራሮ አንስቼ ጀርባው ላይ ወረወርኩበት።

ከእጄ እንደወጣ ክው አልኩ። ያንቺ ነገር ነው እኮ። ስንት ዓመት ከትራክተሩ ኋላ ቅርንጫፍ ስትለቅሚ ጀርባዬን በጭራሮ ስትመቺኝ «ሰው በእንጨት ይመታል እንዴ?» እያልኩ የተቆጣሁሽ። አንድ ነገር ትያለሽ፣ በሞተሩ ጩኸት አልሰማም፣ የሰማ መስዬ ራሴን እነቀንቅና ፊቴን አዞራለሁ። አንቺም ጎንበስ ትያለሽ።

በመጨረሻው ቀን ጓንትሽን አውልቀሽ ኮትሽ ኪስ ውስጥ ከተትሽና «ደከመኝ» አልሽኝ። «ዛሬ እረፊ» አልኩሽ። የዛሬ ድካም መስሎኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ እህትሽ ጋ ሄድሽ። እኔም ልጃችንን «ምን በደልኳት? አልሰደብኳት፣ እጄን አላነሳሁባት» እያልኩ አደረቅኳት። እውነት ነው፣ አልሰደብኩሽም። ጀርባዬን ነው የሰጠሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ይህን ቃል ቀደም ብዬ ማለት ነበረብኝ።

ሌላም ልናዘዝ። አንድ ጊዜ ትራክተር መንዳት አስተምረኝ ብለሽኝ «ክላቹ ይከብድሻል» ብዬሽ ነበር። አይከብድም። መቀመጫው ስለተመቸኝ ነው።

ማሽኑ አሁን ግቢ ውስጥ ነው። ብቻዬን እወጣለሁ፣ አስነሳለሁ፣ እወርዳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ወገቤን ይዤ እቀመጣለሁ። ክምሩ ገና ግማሽ አልሆነም፤ ግድ የለም፣ የትም አይሄድ። ለሥራ ብለሽ እንዳትመለሺ። ጓንትም አልገዛሁልሽም፤ ልክሽን ሳልጠይቅሽ ሁለተኛ አልገዛም።

ግን ከመጣሽ፣ በፈለግሽው ቀን ከመጣሽ፣ መቀመጫው ያንቺ ነው። ክላቹን አሳይሻለሁ። ከኋላ እኔ ነኝ። ጭራሮ ጀርባሽን ሲነካሽ ዞር በይልኝ፤ እኔ ያላደረግኩልሽን።

የልጅሽ አባት