ፊርማዎ «አይቻለሁ» ማለት ብቻ መሆኑን ዘግይቼ ስለመረዳቴ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ጉዳይ ዲን፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ፤ የዓይንዎን ጤና ደግሞ ለይቼ እመኛለሁ፣ የፈረሙበትን ወረቀት ማንበብ እየተሳነዎት መሆኑን በቅርቡ ሰምቻለሁና። እኔ በመዝገብ ክፍል ሦስተኛው መስኮት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጥሁ ሠራተኛ ነኝ። ላነጋግርዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልሁ፣ ስብሰባዎን ላለማቋረጥ ስል ሁሉም በሚያየው የማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት በትልቁ አዳራሽ ስላደረጉት ንግግር አመሰግናለሁ። «በዚህ ግቢ ማንም ተማሪ ከእምነቱና ከትምህርቱ አንዱን ምረጥ አይባልም» ሲሉ ከኋላ ወንበር ሆኜ ካጨበጨቡት አንዷ ነበርሁ። ፈተናው በሃይማኖቱ የዕረፍት ወይም የጸሎት ቀን የዋለበት ተማሪ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ቅጽ እንዲሞላ፣ ቅጹንም እኔ ተቀብዬ ወደ እርስዎ እንዳደርስ አዘዙ። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቅጽ አልተሞላም። ተማሪዎቹ መስኮቱ ድረስ መጥተው ቅጹን አገላብጠው ይመልሱልኛል፤ አንዱማ «እናቴ፣ ስማችን እዚህ ላይ ከሰፈረ በኋላ ምን እንደሚደረግበት ማን ያውቃል?» አለኝ። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ዋስ ሆንሁልዎ። «እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ» አልሁት።

ሁለተኛ፣ እንዴት እንደማውቅዎ ምናልባት ከሥራ ብዛት ዘንግተውት ይሆናልና ላስታውስዎ ይፈቀድልኝ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ቀጭን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በዚሁ መስኮት ፊት ቆሞ፣ የሒሳብ ፈተናው በእምነቱ ታላቅ የጸሎት ቀን ላይ እንደዋለበት ነገረኝ። ያኔ ቅጽም ደንብም አልነበረም። በምሳ ሰዓቴ መምህሩ ቤት ድረስ በእግሬ ሄጄ ደጅ ጠናሁ፤ መምህሩም ተቆጥተው ተቆጥተው ሲያበቁ በጸሎቱ ቀን ማግስት ቢሯቸው ውስጥ ብቻዎን ፈተኑዎት። አዎን፣ ተማሪው እርስዎ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ችግሩን በራሱ ላይ ያየ ሰው ሌላውን አይከዳም ብዬ ማመኔ ከየት እንደመጣ እንዲታወቅልኝ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ተረት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለ ፈረስ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ አንዲት የመጨረሻ ዓመት የነርስነት ተማሪ ነው። ከአፏ ቃል የሚወጣው በመከራ ስለሆነ ጓደኞቿ «ዝምታ» ይሏታል። በእምነቷ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን አይጻፍም፤ በሽተኛ መርዳት ግን ስላልተከለከለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ተረኛ ሆና ስታነሣና ስታስተኛ ትውላለች። የመጨረሻው የጽሑፍ ፈተና በዚህ ቀን ዋለ። ፈራች፤ አደፋፈርኋት። ከፈተናው አሥራ ሰባት ቀን በፊት ቅጹን ሞላች፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተም መታሁበት፣ በገዛ እጄም ጠረጴዛዎ ላይ አኖርሁት። እርስዎም ፈርመው ሲመልሱልኝ «ንገሪያት፣ አትጨነቅ፤ ለትምህርት ክፍሏ እኔ አስታውቃለሁ፣ በዕረፍቷ ማግስት ትፈተናለች» አሉኝ። እየሮጥሁ ነገርኋት። የዚያን ዕለት ስትስቅ ጥርሷን አየሁት።

በዕረፍቷ ማግስት ስትሄድ የፈተናው ክፍል ተቆልፎ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ምንም የደረሰው ነገር እንደሌለ ነገራት። በሳምንቱ ከስሟ አንጻር «ያልቀረበች» ተብሎ ተለጠፈ።

አራተኛ፣ ጉዳዩ ኮሚቴ ፊት በቀረበ ጊዜ ስላስተማሩኝ የቋንቋ ትምህርት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኃላፊው «ፈቅደዋል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ ፊርማዎ ማየትዎን እንጂ መፍቀድዎን እንደማያሳይ፣ መመሪያውም ገና ለውይይት የቀረበ ረቂቅ እንደነበር አስረዱ። እኔ የነገሩኝን ቃል ስናገር ደግሞ ወደ እኔ ሳይመለከቱ፣ «እሷ ደግ ሴት ናት፤ ሥራ ሲበዛባት ግን የሰማችውን ከተመኘችው ትቀላቅላለች» አሉ። ልጅቱ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እርስዎን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ስብሰባ ይዤ የወጣሁት ይህን የልጅቱን ዓይን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ቃሉን የሰማችው ከእኔ አፍ እንጂ ከእርስዎ አልነበረም።

ኮሚቴው ዓመቱን እንድትደግም ወሰነ። በምረቃው ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆማ ለክፍል ጓደኛዋ አበባ ስታቀብል አየኋት። ጓደኛዋ የሌላ እምነት ተከታይ ናት፤ አበባውን ከተቀበለች በኋላ የምረቃ ባርኔጣዋን አውልቃ በብብቷ ይዛ ወደ ሰልፉ ተመለሰች፣ ፎቶ አንሺው «ልበሺው እንጂ» ቢላትም እንቢ አለች። እርስዎ በዚያ ሰዓት መድረክ ላይ ስለ መከባበር እየተናገሩ ስለነበር ሳያዩት ቀሩ ብዬ አላማዎትም።

አምስተኛ፣ «ከሥልጣን በላይ ለተማሪ ቃል በመግባት» በሚል ስለጻፉልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ጥፋቴን አምኛለሁ፤ በእርግጥም ከሥልጣኔ በላይ የሆነን ሰው ቃል አምኜ ነበር። ለራሴ የምለምነው የለም። የምለምነው በልጅቱ መዝገብ ላይ «ያልቀረበች» የሚለው ተሠርዞ እውነቱ፣ ማለትም በጊዜው አመልክታ፣ ተፈቅዶልሻል ተብላ፣ በተባለችውም ቀን ቀርባ በሩ ተቆልፎ ያገኘችው መሆኑ እንዲጻፍ ብቻ ነው። ማኅተም የተመታበት ቅጽ ቅጂ በእጄ አለ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አሳያለሁ።

ለሰጡኝ ትምህርት እያመሰገንሁ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨመርልዎ፣ ከሹመቱም ጋር ማስታወስ እንዲጨመርልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ኀፍረት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የሦስተኛው መስኮት የመዝገብ ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ የሚደገመው ፈተና ቀን ዛሬ ጠዋት ተለጥፏል፤ አሁንም የዋለው በዚያው በዕረፍት ቀኗ ላይ ነው። ልጅቱ ከአንድ ሰዓት በፊት መጥታ ቅጽ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ሞልታ ስትጨርስ ግን ለእኔ አልተወችልኝም፤ «ይቅርታ እናቴ፣ በእጄ እሰጣቸዋለሁ» ብላ ይዛው ወደ እርስዎ ቢሮ ሄዳለች። እባክዎን ስብሰባ ላይ አይሁኑ።