ከስሜ ላይ ያነሳኋቸው ጥናቶችህ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት፤ ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት የዕድገት ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አቃቂ ያው አቃቂ ናት። ወንዙም አመሉን አልተወም፤ ጠዋት አንድ ቀለም፣ ከሰዓት ሌላ ቀለም። ጎረቤቶቻችን እነ እትዬ አበበች ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ኮዬ ፈጬ ገቡ። የወንዙን ውኃ ለምርመራ የምትቀዳባቸው የናሙና ጠርሙሶችህ ጓዳ ውስጥ እንደተደረደሩ ናቸው። በሳፋዬ የወንዝ እድፍ ታጥብብኛለህ እያለች ስትጮህብህ የኖረችው እማዬ፣ አሁን ማንንም አታስነካም። ጎመን ስትገዛማ በምን ውኃ እንደበቀለ ሳትመረምር ሻጯን አትለቅም። ባለፈው አንዷ ቢመራት፣ እማማ፣ ጎመኑን ሊገዙት ነው ወይስ ልጅዎን ሊድሩለት ብላ አሳቀችን።

ወደ ጭንቀቴ ልመለስ። የእኔን ሥራ ታውቀዋለህ፤ የሕፃናት ደም ማነስ ነው፤ እንደ አንተ የወንዝ ብክለት ጥናት የጤናውም የግብርናውም ሰው እየተሻማ የሚጠቅሰው አይደለም። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሳመለክት፣ ሥራችንን ሌሎች ተመራማሪዎች ስንቴ እንደጠቀሱት የሚቆጥረውን የኢንተርኔት ገጽ የትምህርት ክፍሉ አትሞ ከማመልከቻዬ ጋር አያያዘው። ወይ ጉድ፣ የቁጥሩ ብዛት! ባልደረቦቼ እንኳን ደስ አለሽ ብለው አቀፉኝ። እኔ ግን ደስታው አልዋጥልኝ አለ። ለትምህርት ቤት ሪፖርቴም ለሰፈር ወሬም፣ ከየት አገኘሽው ትል የነበረው ነገርህ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ገጹን ብከፍተው፣ ያንተ ጥናቶች በሙሉ በእኔ ስም ሥር ተሰልፈዋል።

የስማችን ጣጣ ነው፣ አባዬ። አንተ በአገራችን ልማድ በራስህ ስም ነበር የምትጠቀሰው፤ ዘለቀ ወልዱ፣ ሲያጥር ዘለቀ ወ.። ፈረንጆቹ ደግሞ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ እኔ ወይንሸት ዘለቀም ዘለቀ ወ. ሆኜ ቁጭ! ማሽኑ አባትና ልጅ መሆናችንን በምን ይወቅ፤ አንድ ሰው አደረገን።

በማግስቱ ሻይ ስንጠጣ አንዱ ባልደረባዬ፣ የወንዙን ጥናት የሠራሽው ዘጠነኛ ክፍል ሆነሽ ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም። ማታውኑ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደውለው፣ ሰኞ ማብራሪያ ይዘሽ ቅረቢ አሉኝ። የሞተ አባቷን ሥራ የሰረቀች ሊሉኝ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ኮሚቴው ግን እስኪጠራ አይጠብቅ።

እማዬን ባማክራት ይባስ ተቆጣች። ቤቱን ወርሰሽ የለ፣ ጥናቱን ብትወርሺ ማን ምን አገባው አለች። ጥናት እንደ ቤት አይወረስም ብዬ ባስረዳት፣ ታዲያ አባትሽን አላውቀውም ልትዪ ነው ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ከእያንዳንዱ ጥናትህ ፊት "የእኔ አይደለም" የሚለውን ተጫንኩ። በወንዙ ውኃ ውስጥ ስላለው የእርሳስ መርዝ የጻፍከውን፣ የእኔ አይደለም። የክሮሚየሙን፣ የእኔ አይደለም። በወንዙ ውኃ የሚበቅለው የጎመንና የሰላጣው ላይ ስደርስ ርዕሱን መላልሼ አነበብኩት። ለእሱ ስትል ሁለት ክረምት በቦት ጫማ ጭቃ ስትረግጥ ከርመህ ስትገባ፣ እግርህን በሙቅ ውኃ የማጥብህ እኔ ነበርኩ። ቢሆንም ተጫንኩት።

ቁጥሬ ወርዶ ወርዶ ኮሚቴው ከሚፈልገው ዝቅተኛ ቁጥር አፋፍ ላይ ቆመ። ያሳልፉኝ ይጣሉኝ አላውቅም። ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን የአንተው ነው፤ ጥናቶችህ ባለቤት አጡ። በስምህ ገጽ ልክፈትልህ ብል፣ ማሽኑ ማረጋገጫውን በመሥሪያ ቤት ኢሜይልህ ነው የምልከው አለኝ፤ እሱ ደግሞ ካረፍክ ወዲህ ተዘግቷል። በገዛ እጄ ሜዳ ላይ የጣልኩህ መሰለኝ። እማዬ እስካሁን አላወቀችም፤ ነገ ከኮሚቴው ስመለስ እነግራታለሁ፤ እሷንም ከኮሚቴው እኩል ነው የፈራኋት።

ስለ ነገ ጸልይልኝ። ቢጥሉኝ እንደገና አመለክታለሁ፤ በአንተ ቁጥር ተሹሜ ከመኖር እሱ ይሻለኛል። እንደማልረሳህ ግን ቃሌ ይኸው፦ አዲስ ጥናት ጀምሬያለሁ፤ በወንዙ ዳር በሚያድጉ ሕፃናት ደም ውስጥ ስላለው እርሳስ ነው። መጀመሪያ የጠቀስኩት አንተን ነው። አባቴ ስለሆንክ አይደለም፤ በዚያ ጎመን ውስጥ ያለውን መርዝ ከአንተ በፊት የለካ ሰው አጥቼ ነው። የተሳሳትክበት ካገኘሁም እጽፈዋለሁ፣ አባዬ፤ እንዳትቀየመኝ።

ልጅህ
ወይንሸት