የሰው እርምጃ ሲከታተሉ የኖሩት ዶክተር ዓለምብርሃን ወንድሙ

ዶክተር ዓለምብርሃን ወንድሙ ከአባታቸው ከአቶ ወንድሙ ሽፈራው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘ አለማየሁ ጥቅምት 12 ቀን 1945 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ባለጋሪ ነበሩ። ዶክተር ገና በልጅነታቸው ቤት ውስጥ ተቀምጠው የፈረሱን ኮቴ እየሰሙ የትኛው እግሩ እንደታመመ ይናገሩ ነበር፤ አባታቸውም አምነዋቸው ያን ቀን ፈረሱን ያሳርፉታል። እናታችን ቀድመው ስለሞቱ ያሳደግኋቸው እኔ ታላቅ እህታቸው ደጊቱ ነኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልኳቸውን እንቢ ብለውኝ አያውቁም።

ትምህርታቸውን በናዝሬት ጀምረው በ1970 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመረቁ። በሱዳን በኩል ተሰደው በ1974 ዓ.ም. አሜሪካ ገቡ፤ በሆቴል አንሶላ እያጠቡ ተምረው በ1982 ዓ.ም. ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። በ1984 ዓ.ም. ወደ አትላንታ መጥተው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሆኑ።

ሥራቸውን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። እንስሳት እንዴት እንደሚራመዱ፣ አጥንትና ጅማታቸው ምን ያህል እንደሚችል ያጠኑ ነበር። ጅግራ በትሬድሚል፣ ባሉበት በሚያስሮጥ ማሽን ላይ፣ እያስሮጡ በካሜራ ይቀርጿታል። መሬቱ ድንገት ዝቅ ሲልባት ሳትወድቅ እንዴት እንደምትተርፍ ለማወቅ ብቻ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ያገኙት ነገር ሰው ሠራሽ እግር ለሚሠሩ ሰዎች ጠቅሟል ብለው ባልደረቦቻቸው ነግረውኛል። አንድ ቀን ወስደው ሲያሳዩኝ ጅግራዎቹ የእሳቸውን ኮቴ ከኮሪደሩ ሰምተው ተንጫጩ። የሚቀበላቸው ፍጥረት በማየቴ ደስ አለኝ፤ ቤታቸው ማንም አልነበረማ። ትዳር አልመሠረቱም። አትላንታ አጠገብ ሊልበርን የገዙት ቤት አራት ወንበር ነበረው፤ ሦስቱ ላይ መጽሐፍ ተቆልሎ በአንዱ ይቀመጣሉ።

በ1988 ዓ.ም. እኔንና ልጄን ሚካኤላን አስመጥተው እዚያው አትላንታ ዳር፣ ስኮትዴል፣ አፓርትመንት ተከራዩልን። እሁድ እሁድ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንመጣ ጀመር።

አሁን የምናገረው ይከብደኛል፤ ግን ሳልናገር አልቀብራቸውም። በ1992 ዓ.ም. የሆሳዕና ዕለት ቅዳሴ ሳያልቅ ወጥተው፣ በሩ ላይ ካለው መደርደሪያ የሰው ጫማ እያነሡ ሶሉን ሲያገላብጡ ተገኙ። የጫማው ሶል የት በኩል እንዳለቀ አይተው የሰውየውን አረማመድ ማወቅ ለእሳቸው ሥራ ነው። ያያቸው ሰው ግን ጫማ ሊሰርቁ መሰለውና ተቆጣቸው፤ ሰው ተሰበሰበ። ዶክተር ነኝ አላሉም። የሴት ጫማ በእጃቸው እንደያዙ፣ የእኚህ እናት ዳሌ ሳይታመም አልቀረም፣ ሐኪም ይያቸው አሉ። ሰው ሳቀ። አንዱማ የጫማ ሐኪም መጣልን አለ። ጫማው ዛሬም እዚህ መሀላችን ያሉት የወይዘሮ ሉሊት ነበር።

እኔ ቆሜላቸው መናገር ሲገባኝ አፈርኩባቸው። መኪና ውስጥ እንደገባን፣

«አንተ ልጅ፣ ሁለተኛ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ!» አልኳቸው።

«እሺ፣ እትዬ» አሉኝ። የአርባ ሰባት ዓመት ሰው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ፣ በየእሁዱ አብረውኝ እየመጡ ቅዳሴ እስኪያልቅ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናቸው ላይ ይቀመጣሉ። እኔ በንዴት የተናገርኩትን ረስቼው፣ ከእምነት የራቁ መስሎኝ አዝንባቸው ነበር። በመንገድ ስንመለስ እኚያ እናት ዛሬም እያነከሱ ገቡ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ በያቸው ይሉኛል። እኔም ለወይዘሮ ሉሊት የራሴ ምክር አስመስዬ ነገርኳቸው። ሄዱ፤ ዳሌያቸው በኦፕሬሽን ተቀየረላቸው። ሲድኑ ድፎ ዳቦ ጋግረው ይዘውልኝ መጡ። ለወንድሜም ቆርሼ ሰጠኋቸው፤ ከማን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።

በ1996 ዓ.ም. የራሳቸው የቀኝ ጫማ ጫፍ ማለቁን አዩ። እግራቸውን መጎተት መጀመራቸው ነበር። የፓርኪንሰን ሕመም መሆኑን ሐኪም ሳይነግራቸው ዐወቁ፤ ለማንም ሳያወሩ ሁለት ዓመት ሠሩ። ሥራ ከለቀቁ በኋላ መንዳትም ሲያቅታቸው ሚካኤላ ትነዳልን ጀመር፤ እሳቸው ከኋላ ወንበር ሆነው እዚያው ፓርኪንጉ ውስጥ ይጠብቁናል። በመጨረሻም የሳንባ ምች ተጨምሮባቸው ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። የቀረነው እኔ እህታቸውና የእህታቸው ልጅ ሚካኤላ ነን።

ካረፉ በኋላ ሚካኤላ ከመኪናው ኪስ አንድ ደብተር አገኘች። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ለእኔ አመጣችልኝ። የእነዚያ ሁሉ እሁዶች ደብተር ነው። መኪና ውስጥ ሆነው እናንተን ሲያዩ ኖረዋል። ስማችሁን ስለማያውቁ በልብሳችሁ ነው የጻፏችሁ። ግራጫ ኮት የለበሱት አባት ዛሬ ደኅና ይራመዳሉ ይላል። መንታ ያዘለችው ልጅ ጀርባዋን አሟታል፣ የሚያግዛት ይኑር ይላል። መጨረሻ የጻፉት ይህ ነው፦

«እትዬ ደረጃውን ሳትደገፍ ወጣች። ዛሬ እኔም መግባት አማረኝ።»

ወገኖቼ፣ ወንድሜ ዛሬ በሰው ትከሻም ቢሆን በዚህ ደጅ ገብተዋል። ያን ቃሌን በእናንተ ፊት አንስቻለሁ። ወይዘሮ ሉሊት፣ ያ ዳቦ የእሳቸው ነበር። ጫማቸውን መደርደሪያው ላይ ከእናንተ ጫማ መሀል አስቀምጬዋለሁ፤ ስትወጡ ቀኙን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩልኝ።

እኔ ከደጁ ያስቀረኋቸውን ወንድሜን እግዚአብሔር ከደጁ አያስቀርብኝ። ነፍሳቸውን ይቀበልልን። አሜን።