ከአልጋው ጀርባ ያለው ምሰሶ

ውድ እትዬ መጂዳ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ ተሻለዎት? ይህን ደብዳቤ ልጅዎ ሩፊዳ እያነበበች እንደምታሰማዎት አውቃለሁ። እኔ ደምለው ነኝ፤ መተማ ዮሐንስ ግቢዎ ውስጥ አምስት ዓመት ተከራይቶ የኖረው መምህር።

እኔ ትምህርት ቤት ስውል በራስዎ ቁልፍ ክፍሌን እየከፈቱ እንደሚገቡ ጠርጥሬ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሩ ላይ የክብሪት እንጨት ሰክቼ ወጣሁ። ስመለስ መሬት ወድቋል። ዕቃዬን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ የጎደለ የለም። እሱ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ምንም ካልወሰዱ ለምን ይገባሉ? አልጋዬን ሳብ ባደርገው፣ ከጀርባው ያለው ምሰሶ ሥሩ ላይ ጥቁር ቅባት ተቀብቷል።

ስጠይቅዎ ምን እንዳሉኝ ትዝ ይልዎታል?

«ወላሂ ቤቱን ነው ያየሁት ልጄ፤ አንተን አይደለም።»

ይህን ሲሉ ግን ዓይንዎን ከእኔ አሸሹ። ያ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። በሳምንቱ ጓዜን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ኮኪት ከተማ በሚወስደው መውጫ ላይ የነጋዴውን የሰፍዋንን ቤት ገዛሁ። ከእንግዲህ ማንም በሌለሁበት አይገባብኝም ብዬ ደስ አለኝ። ሰፍዋን ለመሸጥ ለምን እንደቸኮለ ግን አልጠየቅሁም። ክረምቱ ሲገባ ዋልካው አፈር አበጠና በሩ አልከፈት አለ፤ በበጋው ደግሞ መሬቱ ሲሰነጠቅ ግድግዳውም አብሮ ተሰነጠቀ። እርስዎ ዘንድ ሳለሁ ቆርቆሮው ሲያፈስ ጠርቼዎት ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። አሁን የምጠራው ሰው የለም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ሲቆረጣጠም ሰማሁ። ምሰሶውን በጣቴ ብጫነው ጣቴ ሰርጎ ገባ። ምስጥ ነው። ቢሆነኝ የሚባል አናጢ መጥቶ አየና፣

«የተቃጠለ የትራክተር ዘይት ቀባው። እትዬ መጂዳ ያን አሮጌ ቤት ያን ሁሉ ዓመት ያቆሙት በእሱ ነው» አለኝ።

ከአልጋዬ ጀርባ ያየሁት ጥቁር ቅባት ይኸው ዘይት ነበር።

የባሰውን ልንገርዎ። አንዱን ክፍል ሠላማዊት ለምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ አከራይቼ ነበር። ምስጥ መኖሩን ብትሰማ ትወጣለች ብዬ ደበቅኩባት። ሥራ ስትሄድ ግን እየገባሁ ምሰሶውን አንኳኳለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ። ባለፈው ሳምንት ሳላስባት ተመለሰች። ከአልጋዋ ጀርባ ተንበርክኬ፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ ክፍሌ ውስጥ ምን እየፈለጉ ነው?»

«ቤቱን ነው የማየው» አልኳት። ፊቷን ማየት አቃተኝ። ቆይቼ ስለ ምስጡ ብነግራትም፣

«ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» አለች።

በማግስቱ ወጣች። ስለ እኔ ምን ብላ እንደምታወራ አላውቅም፤ ሰው ባየኝ ቁጥር ግን ሰምቶ ይሆን እላለሁ።

ያን ጊዜ ነው እግሬ ወደ ቀድሞ ጎረቤትዎ ወደ ሐሚዳ የወሰደኝ። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳት።

«እኔም እኮ ሰምቼ ነው የራቅኋት» አለችኝ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ጻፍላት።» የጎንደሩን አድራሻችሁን የሰጠችኝ እሷ ናት።

ሩፊዳ፣ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢላቸው አንድም ቃል እንዳታስቀሪ።

እትዬ መጂዳ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅዎን መርገጥ የተወው፣ ሐሚዳ እንኳ ስታይዎ መንገድ የምትቀይረው ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ከተማውን ለቀው ሄዱ። ያንን ዘይት አይቼ «አከራዬ መተተኛ ናት» ብዬ ለመምህራን ያወራሁት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ማንም አላለውም፤ ወደ ሰፈሩም የተዛመተው ከእነሱ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ውሸት መሆኑን መናገር ጀምሬያለሁ፤ አንዳንዱ አሁን የሚጠረጥረው እኔን ነው። ይገባኛል። ከፈቀዱልኝ ጎንደር መጥቼ ከእግርዎ ሥር እወድቃለሁ። ካልፈቀዱም፣ ማን እንደበደለዎት ይወቁት።

ስምዎን ያጠፋሁት ተከራይዎ፣
ደምለው