ላብራቶሪውን ከሐኪሙ ላኳረፉት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ አጥናፉ፣ የክሊኒካችን ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ

ጭሮ፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደ ክሊኒክዎ ኮምፒውተሮች እንዳይሆን እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የኮምፒውተር መምህርቷ ሚልካ፣ ባለፈው ሳምንት እርስዎ ዘንድ የተኛችው የትዕምርት እህት ነኝ።

1ኛ. የክሊኒኩን ኔትወርክ ለካርድ ክፍል፣ ለላብራቶሪና ለሐኪም ብለው በሦስት ስለከፋፈሉልን እናመሰግናለን። ለኮምፒውተሮቹ በሙሉ አድራሻ የሚያድለው ማሽን ግን አንድ ነው፤ እሱም ካርድ ክፍል ነው ያለው። የላብራቶሪው ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር አድራሻ ስጡኝ ይላል፤ በሦስቱ ክፍሎች መሐል ያለው ማገናኛ መሣሪያ ግን ጥያቄውን አያሳልፍለትም፤ አሳልፍ የሚለው ትእዛዝ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠፍቷላ! ስለዚህ ከራሱ አንድ አድራሻ ፈጥሮ፣ ማንም ሳይሰማው ይውላል። እርስዎም ለጠየቀዎ ሁሉ ኔትወርክ የለም ይላሉ።

2ኛ. የማገናኛውን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ቴክኒሻኑ ኦብሳ ብቻ ነበር። እሱን በሠራተኛ ፊት ገመድ ጎታች ብለው ሰድበው ስላባረሩልን ምስጋናችን ወደር የለውም። ልጁ ቦርደዴ ከተማ ገብቶ፣ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ካልጠየቁኝ የይለፍ ቃሉን አልሰጥም አለ። ሽማግሌዎቹ ደጅዎ ተመላለሱ፤ እርስዎም ጫቱን አቅርበው፣ ለስላሳውን ከፍተው፣ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነፈጓቸው። ኦብሳንም ቢሆን አልምረውም፤ በሰው ነፍስ ኩርፊያ የለም።

3ኛ. ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎዎት፣ ውጤት በወረቀትም በቃልም ማመላለስ ኋላ ቀርነት ነው ብለው ከለከሉ። የእህቴ ደም ወባ እንዳለበት ላብራቶሪው ጠዋት አውቋል። ላብራቶሪውና ሐኪሙ ግድግዳ ይጋራሉ እኮ! ሐኪሙ ቢጠይቅ፣ አስገብተናል ሲስተሙ ላይ ይዩት ተባለ፤ ሲስተሙን ቢያይ ባዶ ነው። ነፍሰ ጡር እህቴ በወባ እየተንቀጠቀጠች አደረች። መድኃኒቱ በማግስቱ ሲመጣ በሆዷ የነበረውን የስድስት ወር ልጇን አጥታለች። ይኸውልዎ ዘመናዊነትዎ! እግዜር ይይልዎት።

ክብርዎ ሳይነካ፣ አንገትዎ ሳይደፋ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምመኝልዎ፣

ሚልካ ደገፋ

ሳልጽፈው እንዳልረሳ፦ ኦብሳ የእህቴን ነገር እንደሰማ እያለቀሰ ደውሎ የይለፍ ቃሉን ሰጠኝ፤ የእርስዎን ይቅርታ አልጠበቀም። የጎደለችው የአንድ መስመር ትእዛዝ ነበረች፤ መጥቼ ጽፌያታለሁ፤ ላብራቶሪውና ሐኪሙ ታርቀዋል። እነዚያ ሽማግሌዎችም ትናንት እህቴን ሊያጽናኑ ቤታችን መጥተው ነበር። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።