ጣሪያ የሌላት መኪናህ

ለይኩን ወንድሜ፣

ኢታናን ይዤ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄጃለሁ። የት እንደሆነ አልጽፍም።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።

ትናንት የቀበሌው ጥበቃ በር ላይ አስቁሞ፣ «እትዬ አሳየች፣ ገጠር ልኬዋለሁ ያሉት ልጅዎ በክፍት መኪና ከእንጦጦ እየሳቀ ሲወርድ አየሁት። ገጠሩ እንዲህ ቀረበ እንዴ?» አለኝ። ለውትድርና ሊወስዱት መምጣታቸው አይቀርም። ከመጡ፣ አክስታቸው ታማባቸው ሄዱ በል። ሌላ አትጨምር።

ማታ በልጁ ፊት ጮህኩብህ። ይቺን የእንግሊዝ አሮጌ ቆርቆሮ ሽጣት አልኩህ። ግን ወር ሙሉ ቤት ተደብቆ ሲገረጣ አላስችል ብሎኝ፣ «አንዴ እስከ ራጉኤል አድርሰህ መልሰው» ያልኩህ እኔው ነኝ። አንተማ ጣሪያ የላትም ብለኸኝ ነበር።

ሲመለስ ፀጉሩ ቆሞ፣ «እማዬ፣ ነፋሱን እኮ ጠጣሁት!» አለኝ። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ።

እንዳትሸጣት። ሞተሯን አልፎ አልፎ አስነሳላት፤ ከግቢ ግን አታውጣት።

ይህን ወረቀት አቃጥለው።

ኢታና፣ «ጋሼ ወንበሬን ለማንም እንዳይሰጥብኝ» ብሏል። እባክህ አትስጥበት።

እህትህ አሳየች