እንድትጠፋ የተፈረደባት ቀስት

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 6፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሰሌዳውን ሳልጠርግ ወጣሁ። እዚህ በስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ የተከራየነው ክፍል ዛሬም እንደ ምድጃ ይሞቃል። በቅዳሜ ት/ቤታችን የታሪክ ክ/ጊዜ ተራው የድንበሩ ጦርነት ነበር። ሁለት ክብ ሣልኩ፤ አንዱ ኢትዮጵያ፣ አንዱ ኤርትራ። በመሀላቸው ቀስቶች፤ ማን ማንን ምን አደረገ። አንዷ ቀስት ከእኛ ወደ እነሱ፣ «አባረረ»። ሌላዋ ከእነሱ ወደ እኛ፣ እሷም «አባረረ»። ከመጽሐፍ ሳነብላቸው የሚያንቀላፉት ልጆች ዛሬ አንዳቸውም አላዛጉም። ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ።

ማክሰኞ፣ 9

ደስታዬ ሳምንት እንኳ አልሞላትም! አንዲት እናት ሰሌዳውን ፎቶ አንስታ ለወላጆች ግሩፕ ልካለች። ጋሼ ታደሰ፣ የኮሚቴያችን ሊቀመንበር፣ ዌስትቼስተር ሆቴል ሥራ ላይ እያለሁ ደወሉ። «ሶ፣ የኔ ልጅ፣ ከኛ የምትወጣዋን ቀስት ዲሊት አድርጊያት። ፓረንቶች አፕሴት ሆነዋል።» ወደ እኛ የምትመጣዋስ? አልኳቸው። እሷ ትቆይ አሉኝ!

ያጠፍኩትን አንሶላ ዘርግቼ እንደገና አጠፍኩት። እኚህ ሰው እኮ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡ ናቸው። የባልን ብቻ ሰምተው ፈርደው ያውቃሉ? ለሰው ሲሆን ዳኛ፣ ለራስ ሲሆን ጠበቃ። ኧረ እንዴት ያለ ጉድ ነው!

ሐሙስ፣ 11

አሁንም ንድድ እንዳልኩ ነኝ። ግን ሌላ ነገር መጣ። የተማሪዬ የሰላም እናት፣ ወ/ሮ አብረኸት፣ ከኮሪያታውን ሰፈር ደወሉ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ ኤርትራዊት ናቸው ተብለው በዚያችው ከእኛ በምትወጣዋ ቀስት፣ በአንድ ሻንጣ የወጡ ናቸው። ባላቸው የጎንደር ሰው። ቀስቷ እውነት ናት አሉኝ፣ አላስቀየመቻቸውም። የከበዳቸው የልጅቷ ጥያቄ ነው፤ ሰላም ቤት ገብታ እኔ የትኛው ክብ ውስጥ ነኝ ብላቸዋለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ጋሼ ታደሰን ስረግም ከረምኩ። ክቦቹን አራርቄ የሣልኳቸው ግን እኔ። አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ 13፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ከጋሼ ታደሰ መልእክት። ቀስቷ ካልጠፋች ከዛሬ ጀምሮ ሌላ አስተማሪ ይገባል። ሊቆጣጠሩኝ ራሳቸው ይመጣሉ።

ይምጡ! ማርከሬን ይዣለሁ። ክቦቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ እሥላለሁ። በተደረቡበት ቦታ ሰላም ስሟን ትጽፋለች። ሁለቱም ቀስቶች በስሟ ላይ ያልፋሉ። ከዚያ ዳስተሩን ለጋሼ ታደሰ አቀብላለሁ፤ የሚያጠፉ ከሆነ ልጅቷ እያየቻቸው፣ በገዛ እጃቸው ያጥፉ።